ባትሪው የሚቀመጥበት ድንጋይ

አጎቴን አልወደውም። ይህን ከመጀመሪያው የምናገረው፣ የሚያነበኝ ሰው መጨረሻ ላይ ታርቀው ተቃቅፈው ይላቀሳሉ ብሎ በከንቱ እንዳይጠብቅ ነው። አልታረቅንም። እሱ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ የሰፈራችን ደብር ቄሰ ገበዝም ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ቁልፍና ንብረት ሁሉ በእጁ ነው። አሳዳጊ የበደለኝ ስላልሆንኩ ሰው ፊት «እሳቸው» እለዋለሁ። እዚህ ግን የሚቆጣኝ የለምና «እሱ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

ጠቡ የመሬት ነው፤ በእኛ አገር ሌላ ምን ጠብ አለ? እናቴና እሱ ከአባታቸው የወረሱት ወንዝ ዳር ያለ የጤፍ ማሳ ነበር። አባቴ በሕይወት ሳለ ግማሹን እሱ፣ ግማሹን እኛ እናርስ ነበር። አባቴ ከሞተ በኋላ መሬት የሚለኩ ሰዎች መጡ። የዚያን ቀን እናቴ ገበያ ነበረች። አጎቴ ማሳው ዳር ቆሞ ከዳር እስከ ዳር በራሱ ስም አስመዘገበው። እናቴ ስትጠይቀው «ሴት ልጅ መሬቷ ባሏ ዘንድ ነው» አላት። ባሏን የቀበረው፣ ፍትሐቱንም ያደረሰው እሱ ራሱ ነበር። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ግን ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነ። በመጨረሻው ቀን እናቴ ከመቀመጫዋ ተነሥታ «እመቤቴን! የዚህን ሰው ፊት እስክሞት አላይም» ብላ ማለች። እናቴ በቀልድ የምትምል ሴት አልነበረችም።

ከዚያ ወዲያ ከቤታችን ፊት ለፊት ያለውን ደብር ትታ ከወንዙ ማዶ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን መሄድ ጀመረች። መንገዱ ቁልቁለትና ዳገት ነው፤ ክረምት ሲሆን ጭቃው ጫማ ያስቀራል። ሰዎች «ኧረ እዚህ አጠገብሽ እያለልሽ!» ሲሏት «የወዲያኛው ጸበል ይስማማኛል» ትላለች። ምክንያቱን የማያውቅ አልነበረም። እንዲህ ስትመላለስ ኖራ በኋላ እግሯ ከዳት። መጀመሪያ ጉልበቷ፣ ቀጥሎ ወገቧ፣ በመጨረሻ ትንፋሿ። እኔ ባሌን ፈትቼ ወደ እሷ ቤት ተመልሼ ጉንደ ወይን ከተማ አስተምር ነበር። ጠዋት አጣጥቤ፣ አብልቼያት እወጣለሁ፤ ከሰዓት በኋላ እመለሳለሁ። አልጋዋን መስኮቱ ሥር አደረግሁላት። በመስኮቱ የሚታየው የቤተ ክርስቲያኑ ኮረብታ ነው። ቤተ መቅደሱን ዛፉ ስለጋረደው ጉልላቱ ላይ ያለው መስቀል ብቻ ብቅ ይላል።

የድምፅ ማጉያው የመጣው በዚያ ዓመት ነው። አዲስ አበባ ያሉ የአገር ልጆች ገዝተው ላኩት፤ እንደ ጥሩምባ አፉ የሰፋ ነገር ነው፤ ከትልቁ ጽድ ላይ አሰሩት። ኮረብታው ላይ መብራት ስላልገባ የሚሠራው በመኪና ባትሪ ነበር። በመጀመሪያው እሑድ ገና ሳይነጋ የአጎቴ ድምፅ ማንንም ሳያስፈቅድ ቤታችን ገባ። ድምፁ ያምራል። ይህን ስጽፍ ጥርሴን ነክሼ ነው። ወፍራም ሆኖ ለስላሳ ነው፤ ዜማውን ሲጥለውም ሲያነሣውም አይቸኩልም። የሰው መሬት የወሰደ ሰው እንዲህ ያለ ድምፅ እንዴት ይሰጠዋል እያልኩ እግዚአብሔርን የተቆጣሁበት ጊዜ አለ። የዚያን ዕለት ተነሥቼ መስኮቱን ልዘጋ ስል እናቴ ከብርድ ልብሱ ሥር «ምን ልታደርጊ ነው?» አለችኝ።

«ይሄን ሰውዬ ልዘጋው።»

«ቅዳሴ ነው እንዴ የሚዘጋው? ተዪው።»

ተውኩት። እሷም ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ከሕዝቡ ጋር ተሰጥኦውን ትመልስ ጀመር። ቅዳሴ ናፍቋት ነው አልኩ በልቤ። ለበሽተኛ ሲባል ስንት ነገር ይቻላል፤ እኔም የአጎቴን ድምፅ በየሳምንቱ ቻልኩት።

ችግሩ ባትሪው ነበር። ጉንደ ወይን ጋራዥ እየወሰዱ ያስሞሉታል፤ ጋራዡ ደግሞ የመኪና ደንበኞቹን ሲያስተናግድ ውሎ የቤተ ክርስቲያኑን ግማሽ ሞልቶ ይመልሰዋል። ቅዳሴው መሃል ላይ ድምፁ ይቀጥናል፣ ይንተባተባል፣ ከዚያ ቀጥ ይላል። በዚያን ጊዜ እናቴ ዓይኗን ትገልጣለች። አንገቷን ቀና አድርጋ ትጠብቃለች። ቤተ መቅደሱ ከኮረብታው አናት ዛፍ ውስጥ ነው፤ ያለ ማጉያ እኛ ቤት የሚደርስ ነገር የለም። «አለቀ?» ትላለች። «አለቀ» እላለሁ። የዚያን ቀን ምግብ አይወርድላትም። ትራሷን ባስተካክል፣ ወሬ ባመጣ፣ ወተት ባሞቅ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትውላለች። አንድ ሙሉ ቅዳሴ የሰማችበት ሳምንት ግን ሌላ ሰው ነበረች። ተደግፋ ትቀመጣለች፣ ትቀልዳለች፣ ለእኔ ባል ትፈልጋለች። ስለዚህ ለእኔ ባትሪው የደብሩ ጉዳይ አልነበረም። የእናቴ ሳምንት በእሱ ላይ የተንጠለጠለ ነበር።

የሰበካ ጉባኤው ሰዎች ቆይተው የራሳችን ቻርጀር ይገዛ አሉ። ቻርጀሩ ግን የት ይሰካ? ለኮረብታው ቅርብ የሆነው ቆጣሪ የእኛ ቤት ነው። ሽማግሌዎች ሊያስፈቅዱ መጡ። ጉዳዩን ዳር ዳር ሲሉ እናቴ እኔ አፌን ሳልከፍት «ይምጣ» አለቻቸው። «አንድ ነገር ብቻ። ቤቴ የሚገባውን ዕቃ ልጄ ትምረጠው።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። የቤተ ክርስቲያን ንብረት ያለ ቄሰ ገበዙ አይገዛም። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ እኛን ግን አንድ ላይ ገበያ ላኩን። አንደኛው ሽማግሌ በኋላ እንደነገሩኝ እንዲያውም ነገሩ ተስማምቷቸዋል። የሚዋደዱ ሰዎች ሲገዙ ይተዛዘላሉ፤ ጠበኞች ሲገዙ ግን አንዱ ሌላውን ስለሚጠብቅ የቤተ ክርስቲያን ዕቃ አይጎድልም። እሳቸው ይህን ብልሃት ብለው ነበር የነገሩኝ።

ደብረ ማርቆስ እስክንደርስ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ደጀን ላይ መኪና ስንቀይር አጎቴ ቆሎ ገዛና አጠገቡ ለተቀመጠው መንገደኛ ዘገነለት፤ ቀጥሎ «ለዚያች ሴትዮም ስጥልኝ» አለው። መንገደኛው ወደ እኔ ዞረ። «ጥርሴን ያመኛል በልልኝ» አልኩት። ጥርሴን አላመመኝም። መንገደኛው ቆሎውን ራሱ በላው።

ሱቁ ከመናኸሪያው ብዙ አይርቅም። ባለሱቁ ጸጉሩ የሸበተ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ሰው ነበር። ሁለት ቻርጀሮች አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አንደኛው ትልቅ የብረት ሣጥን ነው፤ መርፌ ያለበት መለኪያ አለው፤ ገመዱ ጣት ያህላል። ሌላው ትንሽዬ ጥቁር ፕላስቲክ ነው፤ አንድ መዳፍ ላይ ያርፋል።

«ይሄ» አለ ትልቁን መታ መታ እያደረገ፣ «የጋራዥ ነው፤ ብርቱ ነው። ባዶ ባትሪ ጠዋት ብትሰኩበት ከሰዓት በኋላ ሞልቶ ታገኙታላችሁ። ብርታቱ ግን ባትሪውን ያፈላዋል። ሲሞላም ራሱ አያቆምም፤ ሰው አጠገቡ ሆኖ መንቀል አለበት። ይሄ ትንሹ ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚያበላው። ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል። ሲጠግብ ቀዩ መብራት አረንጓዴ ይሆንና ራሱ ያቆማል። ረስታችሁት ብትሰነብቱም ጉዳት የለውም።»

«ትልቁን» አለ አጎቴ።

«ትንሹን» አልኩ እኔ።

ባለሱቁ እጁን ከሁለቱም ላይ አነሣ።

«ለቄሱ ይንገሩልኝ» አልኩት ወደ እሱ ብቻ እያየሁ፣ «ባትሪ ሲፈላ የሚወጣው ሽታ ጉሮሮ ይዘጋል። የሚሰካው ደግሞ ሰው የሚኖርበት ቤት ነው።»

አጎቴ ከእኔ አንድ ክንድ ርቆ ነው የቆመው፤ ሁሉንም ሰምቷል። ግን ባለሱቁ እስኪደግምለት ድረስ ዝም ብሎ ጠበቀ። ባለሱቁ ግራ ገብቶት ደገመለት።

«ለዚች ልጅ ንገርልኝ» አለ አጎቴ። «ባትሪው የቤተ ክርስቲያን ነው። ቅዳሜ ጠዋት ገብቶ ቅዳሜ ማታ ይወጣል። የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ሰው ቤት ሲሰነብት አልወድም።»

«ሰው ቤት የሚሉት የእህታቸው ቤት መሆኑን ያውቁ እንደሆነ ይጠይቁልኝ።»

ባለሱቁ መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ እኔንና አጎቴን አፈራርቆ አየን። «እኔማ ቅድም ጀምሬ አፍንጫቸው አንድ ነው እያልኩ ነበር!» አለ። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ነው የሚባለው፤ ምን ነካችሁ?»

«አፍንጫዬን ይተዉልኝ» አልኩ። በዚያ ቀን ከሰማሁት ሁሉ ያንገበገበኝ ይኸኛው ነበር።

«ወጥ ቤት ይሰኩት በልልኝ» አለ አጎቴ። «እዚያ ቢፈላ ማንን ይጎዳል?»

«ወጥ ቤት መብራት የለም በሉልኝ። ቤቱ ውስጥ ያለው መሰኪያ አንድ ነው፤ እሱም እናቴ ከተኛችበት ከራስጌዋ ነው። እሷ ደግሞ ንጹሕ አየር መሳብ እንኳ አቅቷታል። ትልቁን ይግዙና ይጨርሷት በሉልኝ።»

ባለሱቁ ይህን አልደገመውም። አጎቴም እንዲደግምለት አልጠበቀም። ጥምጥሙን ከግንባሩ ገፋ አደረገ። ብረቱን ሣጥን ትንሽ አየው። «ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የሆነች?» አለ ቀስ ብሎ። ለማን እንደተናገረ አላወቅሁም፤ ስለዚህ አልመለስኩም።

«ትንሹን ስጣት» አለ አጎቴ በመጨረሻ።

አሸነፍኩ ብዬ ደስ አለኝ። እውነተኛ ደስታ ነበር፤ በዚያ ሰው ላይ ያገኘሁት የመጀመሪያ ድል ነው። ባለሱቁ ቻርጀሩን ጠቅልሎ ሲሰጠኝ ለእሱ ደግሞ የባትሪ ውሃ የሞላበት ፕላስቲክ አስያዘው። «የባትሪው ውሃ ሲጎድል ይሄን ብቻ ጨምሩ፤ የቧንቧም፣ የምንጭም ውሃ እንዳትነኩበት። ውስጡን ይገድለዋል» አለ። አጎቴ ዕቃውን በጋቢው ሸፈነ። ቻርጀሩን እኔ ጭኔ ላይ፣ ውሃውን እሱ ጭኑ ላይ አድርገን እንደመጣነው ዝም ተባብለን ተመለስን።

ከዚያ በኋላ አንድ ሥርዓት ተፈጠረ። ማንም አላወጣውም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አጎቴ ባትሪውን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ፣ በትከሻው ተሸክሞ ከኮረብታው ይወርዳል። በራችን ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። እዚያ ላይ ያስቀምጠዋል፣ አንዴ ይስላል፣ ይሄዳል። ደብሩ ውስጥ ስንት ጎረምሳ እያለ ለምን ራሱ እንደሚሸከመው አልገባኝም ነበር፤ ማንንም ስለማያምን ነው ብዬ ቆጠርኩት። እኔ መራቁን አረጋግጬ እወጣና አስገባዋለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መልሼ ድንጋዩ ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ መጥቶ ይወስደዋል። ድንጋዩ ዘንድ አንድም ቀን ተገናኝተን አናውቅም፤ ሁለታችንም ተጠንቅቀን ነው።

ሳሉ በተሰማ ቁጥር እናቴ «መጣ?» ትለኛለች።

«ባትሪው መጣ» እላለሁ።

«ባትሪ ይስላል እንዴ ደግሞ!» ትልና ትስቃለች።

ባትሪውን ከራስጌዋ አስቀምጬ ሁለቱን መቆንጠጫዎች አስነክስበትና ቻርጀሩን እሰካዋለሁ። ቀዩ መብራት ይበራል። ማታ ማታ ወደ እሱ ዞራ እያየችው ትተኛለች። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደግሞ የመጀመሪያ ወሬዋ እሱ ነው። «እስካሁን አልጠገበም፤ ምን ዓይነት ሆዳም ነው!» ወይም «ዛሬ ጠግቧል፤ አረንጓዴ አብርቷል» ትለኛለች። እንግዳ የመጣላት ነበር የምትመስለው። ቅዳሴውም ከዚያ ወዲህ መሃል ላይ መቋረጡ ቀረ። ከመጀመሪያው እስከ «እትዉ በሰላም» ድረስ ጥርት ብሎ ይደርሳታል። ክብደቷ መለስ አለ።

አንድ እሑድ የቀደሱት ሌላ ቄስ ነበሩ፤ አጎቴ ለንግሥ ወደ መርጡለ ማርያም ሄዶ ነበር። ማጉያው ሠርቷል፣ ባትሪው ሙሉ ነው፣ ቅዳሴው ያው ቅዳሴ ነው። እናቴ ግን ገና ከመጀመሩ «ዝጊው ብርድ ገባ» አለችኝ። ብርድ አልነበረም። መስኮቱን ይዤ ቆምኩና አየኋት። ያኔ ነው የገባኝ፤ ሲገባኝም ደሜ ፈላ።

«አንቺ ቅዳሴውን አይደለም የምትሰሚው» አልኳት። «እሱን ነው! መሬትሽን የነጠቀሽን ሰው! እኔ ስላንቺ ብዬ ዓይኑን ሳላይ ስንት ዓመቴ፣ አንቺ ግን በየሳምንቱ ጆሮሽን ቀስረሽ...»

«ፊቱን አላይም ብዬ ነው የማልኩት» አለች እናቴ። «አላየሁም። ድምፁን አልሰማም ብዬ አልማልኩም።»

«ታዲያ ታረቂው!»

«መሬቴን ሳይመልስ? ምን በወጣኝ!»

መስኮቱን ዘጋሁት፤ ወጥቼም ግቢው ውስጥ ቆሜ ብዙ ተሳደብኩ። የተናደድኩት በሁለቱም ነበር። ሁለት ያረጁ ወንድምና እህት ኮረብታና ሜዳ ላይ ተቀምጠው፣ በእኔ ጉልበት ባትሪ እያመላለሱ፣ ሳይታረቁ ተዋድደው ይኖራሉ። የእኔ ቂም ብቻ እውነተኛ ቂም ሆኖ ቀረ። ቢሆንም ሰኞ መሰኪያውን አልነቀልኩም።

ዝናቡ ሲቃረብ ባትሪው ረጥቦ መምጣት ጀመረ። ከረጢቱ ይንጠባጠባል፤ የላይኛው ክዳኖች ዙሪያ ውሃ ቋጥሮ ይገኛል። አንድ ነጠላዬን አሲዱ በልቶ ወንፊት አደረገብኝ። አጎቴ ውሃ ሲጨምርበት ማፍሰሱ ሆን ብሎ እኔን ለማናደድ ነው ብዬ ረገምኩት። ቀጥሎ አረንጓዴው መብራት መዘግየት ጀመረ፤ አንድ ሳምንት ጭራሽ ሳይበራ ቀረ። እንደዚያው አድርጌ ድንጋዩ ላይ አስቀመጥኩት። በማግስቱ እሑድ የአጎቴ ድምፅ «ቅዱስ» ብሎ ጀመረና እዚያው ላይ ተቆረጠ።

እናቴ ቀኑን ሙሉ ጠበቀች። የሚቀጥለውም እሑድ ጸጥ አለ። «ዛሬ ማን ቀደሰ?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ኮረብታው ላይ ደግሞ ወሬው ሌላ ነው። «ትንሹ ቻርጀር ነው የገደለው፤ ትልቁ ተገዝቶ ቢሆን ኖሮ» ይባላል። የመረጥኩት እኔ ነኝና ገዳይዋ እኔ ሆንኩ። ባትሪውን አስጭኜ ደብረ ማርቆስ ወሰድኩት። ባለሱቁ ክዳኖቹን ፈትቶ በመስተዋት መሳቢያው ውሃውን ቀዳ፣ ወደ ብርሃን አነሣ፣ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «ቻርጀሩ ደህና ነው» አለኝ። «ይሄ የባትሪ ውሃ አይደለም። የምንጭ ውሃ ነው፤ እየደጋገመ የሞላበት ሰው አለ። በቃ ሞቷል። እኔ ለእኚያ ቄስ ነግሬያቸው አልነበረም?»

የዚያን ቀን ንዴቴ ከደብረ ማርቆስ እስከ ቤቴ አልበረደም። እሑድ ሲደርስ ስንት ዓመት ያልረገጥኩትን ኮረብታ ወጣሁ። ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ደጀ ሰላሙ ፊት ቆመዋል፤ አጎቴም መስቀሉን ይዞ መሃላቸው አለ። «ቄሰ ገበዙን ይጠይቁልኝ» አልኩ ለትልቁ ሽማግሌ፣ ሰው ሁሉ እስኪሰማ ድረስ፣ «ባትሪው ውስጥ ምን ሲጨምሩበት እንደከረሙ!»

ሽማግሌው ወደ አጎቴ ዞሩ።

«ጸበል» አለ አጎቴ። እንኳን ሊደብቅ፣ ድምፁን ዝቅ እንኳ አላደረገም።

«የምንጭ ውሃ ይገድለዋል ተብለው አልነበረም ወይ ይበሉልኝ!»

«የምንጭ ውሃ አይደለም፤ ጸበል ነው» አለ። ከዚያ መስቀሉን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «ለዚች ልጅ ይንገሩልኝ። ከእጄ ጸበል የማትቀበል እህት አለችኝ። በሽተኛ ናት። እኔ ደጃፏን አልረግጥም። ባትሪው ግን ይገባል፤ ከራስጌዋ ያድራል። ሌላ በምን ልላክላት?»

ሽማግሌው ሊደግሙልኝ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። እኔ ግን ስድብ አፌ ላይ ሞልቶ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ ይህን ሲል አንዱም አልወጣልኝ አለ። ስድቤን መቀማቱ ራሱ አናደደኝ። «ባትሪው ሞቷል በሉልኝ» ብዬ ብቻ ወረድኩ።

ለእናቴ ነገርኳት። ሳልደብቅ፣ በቁጣ፣ አንድ ባንድ ነገርኳት። ጸበሉን በየሳምንቱ እየሞላ አመጣልሽ፤ ሲያመጣልሽ ድምፁን ራሱ ገደለው፤ የእናንተ ነገር ሁልጊዜ እንዲህ ነው አልኳት። ሰምታ ስታበቃ «አሁን የት ነው ያለው?» አለችኝ።

«ማን?»

«ባትሪው።»

«ውጭ ድንጋዩ ላይ። ለቆርቆሮ ገዢ ልሰጠው ነው።»

«አምጪው።»

«የሞተ እኮ ነው እማዬ!»

«አምጪው አልኩሽ!»

አምጥቼ ከራስጌዋ አስቀመጥኩት። እጇን ከብርድ ልብሱ አውጥታ ላዩ ላይ አሳረፈችው። ቻርጀሩን አልሰካሁትም፤ የሞተ ባትሪ አይበላም። እንደዚያ ሆና ሰነበተች። ደብሩ ለአዲስ ባትሪ ገንዘብ ማሰባሰብ ጀምሮ ነበር። ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን በሚደበድብበት አንድ ጠዋት፣ ገንዘቡ ሳይሞላ እናቴ ዐረፈች። መሐላዋን ጠብቃ ነው የሄደችው፤ ፊቱን አላየችም።

ፍትሐቱን አጎቴ አደረሰ። ቤታችን ሲገባ ካህናቱ ሁሉ አስከሬኑን ሲያዩ እሱ መሰኪያውን ፈለገ። ከራስጌዋ ያለውን ባትሪ አየው፤ ምስማር ላይ የተንጠለጠለውን ቻርጀርም አየው። ከዚያ ጀመረ። ድምፁ አንዴም አልተንቀጠቀጠም። እኔ ጎረቤት ደግፎኝ ቆሜ፣ ቢያንስ አንዴ እንኳ ይሰበር እያልኩ ስጠብቅ ነበር፤ አልተሰበረም። በዚያም ጠላሁት።

ከአርባው በኋላ አዲስ ባትሪ መጣ። ኮረብታው ላይ ግን አሁንም መብራት የለም፤ እኔም የእናቴን ቤት ዘግቼ ጉንደ ወይን ቤት ልከራይ ነበር። ባትሪው የሚሞላው ሌላ ቤት እንዲሆን ተወሰነና ቻርጀሩ ይመለስ የሚል መልእክት ደረሰኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቻርጀሩን ገመዱን ጠምጥሜ ድንጋዩ ላይ ላስቀምጥ ስወጣ አጎቴ እዚያው ቆሞ አገኘሁት። ቀድሞ መጥቷል። ወደ ኋላ ልመለስ አልቻልኩም፤ ቤቴ ነው። ቻርጀሩን ድንጋዩ ላይ አስቀመጥኩና እጄን አጣምሬ ቆምኩ።

አላነሣውም። ግራና ቀኙን አየ። መንገዱ ላይ ሰው አልነበረም፤ የሚላክ ማንም የለም። ዝቅ ብሎ ቻርጀሩን አየው።

«ይቺን ልጅ ጠይቅልኝ» አለው ቻርጀሩን። «ትሰማኝ ነበር?»

ከእኔ ዘንድ ያለ፣ እሱ የሚፈልገው ነገር ይህ ብቻ ነበር። መሬቱን ይዟል፣ ድምፁን ይዟል፣ ቁልፉን ሁሉ ይዟል። ይህቺ አንዲቱ በእኔ እጅ ናት። ዝም ብል ዕድሜ ልኩን ሲጠይቅ ይኖራል። አትሰማም ነበር ብዬ ብመልስለት ደግሞ እዚያው ድንጋዩ ላይ ይቀመጣል። ሁለቱም አማሩኝ። ከዚያ መስኮቱን አየሁት፤ እንደተከፈተ ነበር፤ ከሞተችም ወዲህ አልዘጋሁትም።

«ሌላ ሰው ሲቀድስ መስኮቱን ታስዘጋኝ ነበር በልልኝ» አልኩት ቻርጀሩን። «እሳቸው ሲቀድሱ አንድም ቀን አላስዘጋችኝም።»

አጎቴ ራሱን ነቀነቀ። ቻርጀሩ አንድ መዳፍ ላይ የሚያርፍ ዕቃ ነው፤ እሱ ግን እንደ ባትሪው ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ አነሣው፣ ትከሻው ላይ አደረገው፣ አንዴ ሳለና ዳገቱን ጀመረ።